የኮንጋ አውራ ጣቶች

አትጠገብ አማኑ ሰው ከማመኗ በፊት ሦስት ጊዜ የምታጣራ፣ ካጣራች በኋላም የማታምን ሴት ነበረች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ዲላ ውስጥ በአንድ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋ ታስተምራለች፤ ተማሪ ሲኮርጅ የምትይዘው አይታ ሳይሆን ጠርጥራ ነው ይባላል። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” የሚለውን ተረት እንደ ጸሎት ትደግመዋለች። ዘንድሮ ለክልሉ ምክር ቤት በግል ዕጩነት ለመወዳደር ስትነሣ ደግሞ ጥርጣሬዋ እንኳን ሊቀንስ ጭራሽ ቤት ሠርቶ ተቀመጠ።

የተወለደችው ይርጋጨፌ አጠገብ ኮንጋ ነው፤ የምትወዳደረውም በዚያው ምርጫ ክልል ነው። ከኋላው ፓርቲ የሌለው ሰው ዕጩ ሆኖ ለመመዝገብ ከነዋሪው የድጋፍ ፊርማ ማሰባሰብ አለበት። ቅጹ ላይ ስም ይጻፋል፣ ዕድሜ ይጻፋል፣ ቀበሌ ይጻፋል፣ በመጨረሻ ባለስሙ ይፈርማል። የማስረከቢያው ቀን ዓርብ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አትጠገብ ክፍለ ጊዜዋን ጨርሳ ወደ ዘርዓብሩክ ሱቅ ስትገባ፣ ቀረኝ የምትለው ነገር ወረቀቶቹን በቅደም ተከተል ማያያዝ ብቻ ነበር።

ዘርዓብሩክ ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት የሚሠራባት ጠባብ ሱቅ አለችው። አያቱ ከሸዋ ጨርቅ ሊነግዱ መጥተው በዚያው የቀሩ ናቸው። ከአትጠገብ ጋር ዩኒቨርሲቲ አብረው ተምረዋል፤ ያኔ እንኳ የክፍል ተጠሪ ስትሆን ድምፅ የለመነላት እሱ ነበር። አሁንም ሁለት ወር ሙሉ በሞተር ብስክሌቱ ከቀበሌ ቀበሌ እየዞረ ፊርማ ያሰባሰበላት እሱ ነው። አንድ ቀን ጎማው ፈንድቶበት በጠራራ ፀሐይ ከኮንጋ እስከ ይርጋጨፌ ሞተሩን እየገፋ ገብቷል፤ ያንን ቀን ሲያወራ ሳቁ ይቀድመው ነበር።

አትጠገብ የኮንጋዎቹን ገጾች ገለጥ አድርጋ ቆመች። አንድ መቶ አሥራ ሁለት ስም አለ። በስሞቹ አንጻር ፊርማ የለም፤ ያለው ሁሉ የአውራ ጣት አሻራ ነው። ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግታ አየችው። ከላይ ያለው አሻራ መሃሉ ላይ በሰያፍ የተሰነጠቀ ጠባሳ አለው። ከሥሩ ያለውም አለው። የዚያም የሥሩ አለው። ወረድ ብሎ ደግሞ ሌላ ሰፊ ጣት ይጀምርና አሥራ አራት ጊዜ ይደጋገማል። ብትቆጥረው ብትቆጥረው የመቶ አሥራ ሁለቱ ሰው ጣት ስምንት ብቻ ሆነ።

“ዘርዓ፣ ይሄ ምንድን ነው?”

“የኮንጋ ነዋ።”

“እነዚህ ልጆች እኮ አሥረኛ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ ናቸው። መጻፍ የሚችል ሰው ለምን በጣቱ ይፈርማል?”

ዘርዓብሩክ ከኮምፒውተሩ ቀና ብሎ አያት። “እንደሰጡኝ ነው ያመጣሁት። አባትሽ ወረቀቱን ሰኞ ተውልኝ አሉኝ፣ ተውኩላቸው። ረቡዕ ሄጄ ተቀበልኳቸው። የአባትሽን ወረቀት ፊታቸው ቆሜ ልመረምር ነበር?”

አትጠገብ ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ጥፋት ሠርቶ ከአባቷ ጀርባ የተደበቀ መሰላት። ወዲያው ሌላ ነገር ትዝ አላት፤ ማክሰኞ ዕለት ዘርዓብሩክ ከታዲዮስ ጋር ካፌ ተቀምጦ ማኪያቶ ሲጠጣ ሰዎች አይተውት ነግረዋታል። ታዲዮስ ደግሞ የተፎካካሪዋ ዕጩ ቀኝ እጅ ነው።

“ከታዲዮስ ጋር ምን ስታወሩ ነበር?”

“የልጁን የልደት ካርድ ላሳትም ብሎ ነው። ዲዛይኑን አሳየሁት። ከፈለግሽ እዚሁ አለልሽ፣ ልክፈትልሽ።”

“ልደት! ምርጫ ሲደርስ ነው ልጁ የሚወለደው?”

“አትጠገብ...”

“ለማን ነው የምትሠራው ዘርዓ? ንገረኝና ልረፍ።”

የዘርዓብሩክ ፊት ሲለወጥ አየች፤ የጥፋተኛ ፊት ነው ብላ ተረጎመችው። ሰው ሲያዝንም ፊቱ እንደሚለወጥ በዚያ ሰዓት ቢነግሯትም አትሰማም ነበር። ፍላሽ ዲስኳን ከኮምፒውተሩ ነቅሎ በፎቶ ኮፒው ማሽን ላይ አስቀመጠላት፣ “ሁሉም ፋይልሽ እዚህ አለ” ብሎ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።

ወጥታ ለአባቷ ደወለች። ስልካቸው አገልግሎት ከሚሰጥበት ክልል ውጪ ነው። ኮንጋ ላይ ኔትወርክ ደግሞ እንደ ዝናብ ነው፣ ሲፈልግ ይመጣል። ሌላ ሰው ቢሆን እስኪነጋ ይጠብቅ ነበር። አትጠገብ ግን ቤቷ እንኳ ሳትደርስ፣ መናኸሪያው አጥር ሥር ቆማ፣ አርባ ሰባት ደጋፊዎቿ ባሉበት የቴሌግራም ቡድን ላይ ጻፈች። “ዘርዓብሩክ ከዛሬ ጀምሮ ከእኛ ጋር አይደለም። የኮንጋን ፊርማ ሐሰት አድርጎ ሊያሰርዘን ነበር። ሁላችሁም ተጠንቀቁ።” ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከስልክ የወጣውን ግን ማን ተራምዶ ይመልሰዋል? አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሠላሳ ሰው አይቶታል።

ማታ ደጋግማ ቆጠረች። የኮንጋዎቹ ካልታሰቡ ሰማንያ ስድስት ፊርማ ይጎድላታል። ሰማንያ ስድስት ጎደለ ማለት ዕጩ አይደለችም ማለት ነው። አስመስላ ብታስረክበው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ገጹን ቀና አድርጎ ቢያየው በሐሰተኛ ሰነድ ትከሰሳለች። ሁለቱን መንገድ ስታማርጥ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ነጋ።

ዓርብ ጠዋት ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ በሚኒባስ ወደ ይርጋጨፌ ሄደች። አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ክንዷ ሥር ያለውን ማህደር ደጋግሞ ያየዋል። ወደ መስኮቱ ዞረች፣ ሰውየውም አብሯት ዞረ። ወናጎ ሲደርሱ አላስችል አላት።

“ምን ፈልገህ ነው?”

“ይቅርታ እህቴ፣ የመሬት ካርታ መስሎኝ ነው። ለማውጣት ስንት ጊዜ አመላለሱሽ ልልሽ ፈልጌ ነበር።”

ሰውየው ከልቡ አፍሮ ፊቱን አዞረ። አትጠገብ ግን ይርጋጨፌ እስኪደርሱ ማህደሩን ደረቷ ላይ አጥብቃ እንደያዘች ነበር።

ከይርጋጨፌ በሞተር ኮንጋ ገባች። አባቷ አቶ አማኑ ቤት አልነበሩም፣ ሶንጎ ላይ ናቸው አሏት። ሶንጎ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነገር የሚያዩበት የዛፍ ጥላ ነው፤ ቦታውም ጉባዔውም በአንድ ስም ይጠራል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን የሚዘምረው ሰው ሁሉ ጠቡን ይዞ የሚመጣው እዚያ ነው። ሶንጎ ላይ መዋሸት ነውር ብቻ አይደለም፣ መርገም ነው። በዚያን ዕለት ስምንቱ ሽማግሌዎች በእንሰት ድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችን እያስታረቁ ነበር። አትጠገብ እንደ ወጉ ከዳር ቆማ ጠበቀች፤ ወንድማማቾቹ ተቃቅፈው ሲሄዱ ቀረብ ብላ ወረቀቶቹን ሣሩ ላይ ዘረጋች።

“አባባ፣ ይህን ወረቀት ያውቁታል?”

አቶ አማኑ ወረቀቱን አዩና ፈገግ አሉ። ቀኝ አውራ ጣታቸውን አነሡላት። ድሮ ቡና ሲገርዙ ገጀራ የቆረጣቸው፣ በሰያፍ የተሰነጠቀ ጣት ነው። ልጅ ሆና ስንት ጊዜ የያዘችውን ጣት ወረቀት ላይ አይታ አላወቀችውም ነበር።

“የማላውቀው! እኛ ነን የፈረምንልሽ። ስምንታችንም።”

በአትጠገብ ዓይን ላይ የመጣው ዘርዓብሩክ ነው፤ ፍላሹን ነቅሎ ማሽኑ ላይ ሲያስቀምጥላት። ከእግር እስከ ራሷ እፍረት ወረራት።

“ለምን ነው እናንተ የፈረማችሁት? ስሙ የልጆቹ አይደለም እንዴ?”

“ሶንጎው እሷ ትሁን ብሎ ወሰነ። ሶንጎ ከወሰነ የቤቱ አባት ለቤቱ ይናገራል። ይኸው ነው” አሉ አባቷ።

የሶንጎው ታላቅ በሽምግልና ማዕረጋቸው ሃይቻ ጂግሶ የሚባሉት ናቸው። ሰማንያ ያለፋቸው፣ ለመናገር የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና በጌዴኦ ቋንቋ፣ በጌዴኡፋ፣ ቀስ ብለው ጀመሩ።

“አማኑ ግማሹን ነው የነገረሽ። ግማሹን እኔ ልንገርሽ። በዕድሜዬ ሦስት ጊዜ የስም ዝርዝር ሲጻፍ አይቻለሁ። አንዴ ለስብሰባ ነው ተብሎ የጎረምሶች ስም ተጻፈ። ስብሰባው ጦር ሜዳ ሆኖ ተገኘ፤ ታላቅ ወንድሜ በዚያው ቀረ። ሌላ ጊዜ ለዘር እህል ነው ተብሎ ተጻፈ። ዓመት ሳይቆይ ያው ወረቀት ‘ማን ከማን ጋር ነበር’ ለማለት ወጣ። ሦስተኛውን አልነግርሽም። እና ያ የከተማ ልጅ ወረቀትሽን ይዞ ሲመጣ ተመካከርን። ልጅቷ ልጃችን ናት፣ ትግባ አልን። ነገር ግን ወረቀቱ ነገ ጣጣ ካመጣ፣ ጣቱን ተከትለው ሲመጡ ሽማግሌ ያግኙ አልን። እኛን ምን ያደርጉናል? ስንት ዓመት ቀርቶን ነው?”

አትጠገብ ማልቀስ አማራት። ከሁሉ በላይ ተጠራጣሪ ነኝ ብላ ስትኮራ ለካ ከእርሷ የባሱ ስምንት ሰዎች ኮንጋ ላይ ተቀምጠዋል። እርሷ ጠርጥራ ሰው ስትጥል እነርሱ ጠርጥረው ሰው ሸሸጉ። ልዩነቱ አንገበገባት።

“አባቶቼ፣ ስለ ፍቅራችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ወረቀት ባስረክብ ግን እኔ እሰረዛለሁ፣ እናንተም ትጠየቃላችሁ። ሕጉ ባለስሙ ራሱ ይፈርም ነው የሚለው።”

“የአባት ቃል ለልጁ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው?” አሉ አቶ አማኑ ተቆጥተው።

“ልጆቹ አልተጠየቁማ አባባ! እኔ ቤት ለቤት እየዞርኩ ወጣቱ ስለራሱ ይናገር ስል፣ የእኔው ቀዬ ወጣት በአባቱ ጣት ይናገር?”

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሃይቻ ጂግሶ በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ “እንግዲያው ይጠየቁ። እዚሁ፣ ሶንጎው ፊት። አዎ ያለም አይደለም ያለም እውነቱን ይበል” አሉ።

ሁለት ሞተረኞች ተላኩ። ወጣቱ አብዛኛው ቡና ማጠቢያ ጣቢያው ጋ በማድረቂያ አልጋዎች ላይ የተሰጣ ቡና ሲለቅም የዋለ ነው፤ የቀረውም ከየጓሮው መጣ። ሰባት ሰዓት ሲሆን ዛፉ ሥር መቆሚያ ጠፋ። አትጠገብ አዲስ ቅጽ አወጣች። አሻራ ያለባቸውን ገጾች በሁሉም ፊት በመስቀለኛ ሠርዛ ወደ ጎን አደረገቻቸውና የመጀመሪያውን ስም ጠራች። አቶ አማኑ ሲያስጽፉ ከገዛ ቤታቸው ስለጀመሩ የመጀመሪያው ስም የታናሽ ወንድሟ ነው።

“ኃይለኢየሱስ አማኑ።”

ኃይለኢየሱስ ሃያ ዓመቱ ነው። ሞተር እያሽከረከረ ሰውና ቡና ያመላልሳል። ከመሃል ወጣ።

“አልፈርምም።”

ሰዉ አጉረመረመ። አቶ አማኑ ከመቀመጫቸው ሊነሡ ሲሉ ሃይቻ ጂግሶ በበትራቸው አስቀመጧቸው። “ምክንያቱን ይናገር።”

“ሌላ ሰው ስለምደግፍ አይደለም” አለ ኃይለኢየሱስ። “አትጠገብ፣ ትናንት የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ዘርዓብሩክ ወረቀቱን ለአባባ ሲሰጥ እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ሲቀበልም ነበርኩ። አንድ ጊዜ ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር። ሰውየው ለአንቺ ብሎ ፀሐይ ሲበላው ከረመ፤ አንቺ በአንድ ማታ አርባ ሰባት ሰው ፊት ሌባ አደረግሽው። ሳትመረጪ እንዲህ ከሆንሽ፣ ተመርጠሽ እኛን ምን ልታደርጊን ነው?”

አትጠገብ ብዙ መልስ ነበራት። ለአባባ ደውዬ አላገኘኋቸውም ልትል ትችል ነበር። ጊዜ የለኝም ነበር፣ ብዙ ጠላት አለብኝ ልትል ትችል ነበር። ያለችበት ግን ሶንጎ ነው።

“እውነት ነው ወይስ አይደለም?” አሏት ሃይቻ ጂግሶ።

“እውነት ነው። ምንም ያላደረገ ሰው ወንጅያለሁ። ጓደኛዬን።”

ስልኳን አውጥታ ፊታቸው ጻፈችና ጮክ ብላ አነበበችው። “ትናንት ስለ ዘርዓብሩክ የጻፍኩት ሐሰት ነው። ፊርማው ላይ አንዳች አላበላሸም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።” ላከችው። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ጥቂት አስጠብቋት ሄደላት።

“ቀጥይ እንግዲህ” አሉ ሽማግሌው።

መቀጠሉ ሞት መሰላት። ወንድሟ እንቢ ያላትን ሴት ማን እሺ ይላታል? ሁለተኛውን ስም ስትጠራ ድምጿ ለራሷም አልተሰማትም። ፀጋ የምትባል የአጎቷ ልጅ ናት። ፀጋ ወጣች፣ ኃይለኢየሱስን አየችው፣ ወረቀቱን ሳበችና፣ “ጥፋቱን በሰው ፊት የተናገረ ዕጩ እስከ ዛሬ አላየሁም” ብላ ፈረመች። ቀጥሎ ያለው እንቢ አለ፣ ምክንያቱንም አልተናገረም። ቀጥሎ ያለው ፈረመ። ሄርሜላ የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ እስክሪብቶውን ይዛ ጠየቀች።

“ይሄ ወረቀት የት ነው የሚቀመጠው? ማን ነው የሚያየው?”

“ይርጋጨፌ የምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ይቀመጣል። የማይመለከተው ሰው እንዳያየው የሚል ሕግ አለ። ነገ ምን እንደሚሆን ግን ቃል ልገባልሽ አልችልም።”

ሄርሜላ ስሟን ከእነ አባቷና ከእነ አያቷ፣ ከሩቅ በሚነበብ ትልቅ ፊደል ጻፈች። አያቷ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ናቸው፤ ራሳቸውን ይዘው፣ “እግዚኦ፣ የኔንም ስም ጨመረችው!” አሉ። ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያው ሳቅ ያን ጊዜ ተሳቀ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ዝርዝሩ አለቀ። ግማሹ ዲላና አዋሳ ስለሆነ አልመጣም፣ አሥራ ስድስት ሰው በአደባባይ እንቢ ብሏል፤ ግን ያልተጻፉም ወሬውን ሰምተው እየመጡ ፈርመው ነበር። አትጠገብ ቆጠረች። ሰማንያ አንድ። አምስት ይጎድላታል። ዙሪያዋን ብታይ ያልተጠየቀ ወጣት የለም። ኃይለኢየሱስ ጫማውን እያየ ነው፤ ብትለምነው እጁ እንደሚዘረጋ ታውቃለች፣ እርሱ ብቻውን አምስት እንደማይሆንም ታውቃለች። አልለመነችውም።

ያኔ ነው ፀጋ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ፣ “እናንተስ?” ያለችው።

“እኛማ ፈርመናል” አሉ አቶ አማኑ።

“የእኛን ነዋ የፈረማችሁት! የራሳችሁን የት አለ?”

ዝርዝሩ ተፈተሸ። እውነትም መቶ አሥራ ሁለት ሰው ሲያስጽፉ ከስምንቱ አንዱም የራሱን ስም አላስጻፈም። ለቤቱ መናገር የለመደ ሰው ራሱም አንድ ሰው መሆኑን ይረሳል መሰለኝ። አፍረው እየሳቁ ተሰለፉ። ማንበብ የሚችሉት ሦስቱ ጻፉ፣ አምስቱ አተሙ፤ የተሰነጠቀው አውራ ጣት በዚህኛው ወረቀት ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አረፈ። ሰማንያ ዘጠኝ ሆነ።

አሥር ሰዓት አልፏል። ሞተረኞቹ ወደ ማጠቢያ ጣቢያው ተመልሰዋል፣ ይርጋጨፌ ደግሞ ከመዝጊያው ሰዓት በፊት በእግር አይደረስም። አትጠገብ ማህደሩን አቅፋ ግራና ቀኝ ስትል ኃይለኢየሱስ ሞተሩን አስነሥቶ አጠገቧ አቆመ።

“ከኋላዬ ውጪ።”

“አልፈርምም አላልክም?”

“አልፈርምም አልኩ እንጂ አላደርስሽም አልኩ? ውጪ፣ ይዘጋብሻል።”

አቧራውን እየጠጡ ይርጋጨፌ ገቡ። የጽሕፈት ቤቱ ሰው ገጾቹን አንድ በአንድ አየ፣ ሁለት ጊዜ ቆጠረ፣ ማኅተም መትቶ ደረሰኝ ሰጣት። አትጠገብ አማኑ ዕጩ ሆና ልትመዘገብ ነው። ከበሩ ስትወጣ ስልኳ ጮኸ፤ ዘርዓብሩክ ነው የጻፈላት። “አይቼዋለሁ” ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። ቆማ ደጋግማ አነበበችው። ይቅር ማለቱ ይሁን አለማለቱ ከቃሉ አይታወቅም። ነገ ሱቁ ሄዳ ፊት ለፊት ልትቆም ወሰነች፤ እስከዚያ ልታውቀው የምትችልበት መንገድ የለም።

ኃይለኢየሱስ ሞተሩ ላይ ሆኖ ይጠብቃታል። ደረሰኙን አሳየችው። “እንኳን ደስ አለሽ” አላት፤ ከልቡ እንደሆነ ፊቱ ይናገራል። ከኋላው ተቀመጠች። አፏን ወደ ጆሮው አስጠጋች፣ ብትጠይቀው ሊሻላት መስሏት።

“በምርጫው ቀን ግን ድምፅህን ለእኔ ትሰጣለህ አይደል?”

ኃይለኢየሱስ ሳቀ። “እሱማ ሚስጥር ነው።”

ሞተሩ ተንቀሳቀሰ። ፊቱን ልታይ ጎንበስ አለች፣ ከጀርባው በቀር ግን የሚታይ ነገር አልነበረም። ምርጫው እስኪደርስ አራት ወር አለ። ከምርጫውም በኋላ ሳጥኑ ውስጥ ምን እንደከተተ መቼም አታውቅም። መንገዱ መጥፎ ነበርና ወገቡን አጥብቃ ያዘች።